የልደታ ሊትር

አዲስ አበባ ውስጥ ከፍ ያለች የቤት መኪና፣ ማለትም ኤስዩቪ የምትባለዋን የያዘ ሰው ስለ ልጆቹ ጤና ከሚጠየቀው እኩል «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ይባላል። መልሱ እንደ ጠያቂው ነው። መኪናዋ ለሽያጭ ቀርባ ከሆነ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ደላላ መሀል ከገባ 14 ትገባለች። ጠያቂው የነዳጅ ወጪ የሚተካ መሥሪያ ቤት ከሆነ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ወደ 6 ትወርዳለች። «መኪና ይዘህ ምነው ብቅ አትልም?» ለሚል የክፍለ ሀገር ዘመድ ደግሞ 5ም በዝቶባት ትገኛለች። አንዲት መኪና፣ አራት ፍጆታ። በዚህ ጊዜ ባለመኪናውን ዋሾ ብሎ መገላገል ይቀናል። እኔ ግን ከአራቱ መልሶች አንዱም ፍጹም ውሸት አይደለም ባይ ነኝ፤ ጥያቄው መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነበርና። ቤንዚኑን የምትበላው መኪናዋ ብትሆንም ምን ያህል እንደምትበላ የሚቆርጡላት መንገዱና ሰዓቱ ናቸው። ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም።

«ፋብሪካው ራሱ የጻፈው ቁጥር አለ አይደል?» ይላል ወረቀት የሚያከብር ሰው። አለ። ባለ ሁለት ሊትር ሞተሯ የቤንዚን ራቭ ፎር፣ በ1998 ዓ.ም. መሠራት የጀመረችው፣ በአውሮፓ ወረቀቷ ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 9 ሊትር ተብሎላታል። በእኛ ስሌት በሊትር 11 ወይም 12 መሆኑ ነው፤ የሻጩ መልስ ከየት እንደመጣ እዚህ ላይ ይገባናል። ይሁንና ይህ ቁጥር የተገኘው መኪናዋ አንድም ጎዳና ሳትረግጥ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ጎማዎቿ በሚሽከረከር ብረት ላይ ሆነው፣ አየር ማቀዝቀዣዋ ጠፍቶ፣ ዳገት በሌለበት፣ በሰከንድ በተመደበላት ፍጥነት ስትነዳ የተለካ ነው። የድሮው የአውሮፓ መለኪያ 20 ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የተተካው ደብሊው ኤል ቲ ፒ የሚባለው ደግሞ 23 ኪሎ ሜትሩን በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ አማካዩ 46.5 ነው። ጃፓኖች ጄሲ 08 ያሉት የራሳቸው መለኪያ ዝግ ብሎ በ24.4 ይሄዳል። ዝግ ያለ ይባል እንጂ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ጦር ኃይሎች በአማካይ 24 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነዳ ተሽከርካሪ ቢታይ ወይ ፊቱ ሞተረኛ ፖሊስ አለ፣ ወይ ቀኑ እሑድ ነው።

መለኪያው በወጣበት አገር እንኳ ቁጥሩ ከመንገዱ ጋር አልተስማማም። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ መኪኖቹ ውስጥ የተገጠመው ቆጣሪ ያነበበውን ከወረቀቱ ጋር ሲያስተያየው፣ የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ከተጻፈላቸው በአማካይ 20 በመቶ ገደማ አብልጠው ሲበሉ አግኝቷቸዋል። ሚትሱቢሺ እ.ኤ.አ. በ2016 ጃፓን ውስጥ የአነስተኛ መኪኖቹን የፍጆታ መረጃ አዛብቶ እንደነበር ራሱ አምኗል፤ ሀዩንዳይና ኪያም እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ 900 ሺህ ለሚሆኑ መኪኖች የለጠፉትን ቁጥር ዝቅ አድርገው እንዲያርሙ ተገደዋል። ነገር ግን ማጭበርበሩ የነገሩ ጥቂቱ ክፍል ነው። ሕጉን አክብሮ የተለካው ቁጥርም ለልደታ ነዋሪ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ለምን እንደሆነ እናስላው። ከሜክሲኮ ተነስቶ በተግባረ ዕድ፣ በልደታና በኮካ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው መስመር የፍርድ ቤት ባለጉዳይ፣ የባልቻ ሆስፒታል ታካሚ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪና ተማሪ የሚያመላልስ ሚኒባስ ባንድ ሰዓት የሚፈልጉት መንገድ ነው። ወር በገባ በ1 ደግሞ ልደታን የሚሳለመው ሁሉ ይጨመራል፤ ግንቦት 1 ሲሆንማ ስለ ፍጥነት ማውራቱ ራሱ ነውር ነው። እንበልና አንዲት መኪና በዚህ ሰዓት በአማካይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ተጓዘች። 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 50 ደቂቃ ፈጀባት ማለት ነው፤ ከዚህ ግማሹን ቆማ አሳለፈችው እንበል። ባለ ሁለት ሊትር የቤንዚን ሞተር ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ በሰዓት 0.8 ሊትር ገደማ ያቃጥላል። 25 ደቂቃው ሲታሰብ ሲሶ ሊትር ነው፤ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲመነዘር 3.3 ሊትር። ይህ ሁሉ አንድ ክንድ ሳይኬድበት ያለቀ ነው። ቀጥሎ ፍሬኑ አለ። አንድ ቶን ተኩል የምትመዝን መኪና ከቆመችበት ተነስታ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት እስክትደርስ፣ ሞተሩ ከነዳጁ ጉልበት ሩቡን ብቻ ወደ ጎማ እንደሚያደርስ ከተቆጠረ፣ 12 ሚሊ ሊትር ያህል ቤንዚን ትፈልጋለች። የሾርባ ማንኪያ አይሞላም። ግን ፊት ለፊት ያለው ታክሲ «ወራጅ አለ» ሲባል ያ ማንኪያ በፍሬኑ ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይበናል፤ እንደገና መነሳት፣ እንደገና ማንኪያ። በኪሎ ሜትር ሦስት ጊዜ ብቻ ቢሆን በ100 ኪሎ ሜትር ሌላ 3.6 ሊትር ነው። ክፍት መንገድ ላይ ሳትቆም ብትሄድ 7 ሊትር የሚበቃት መኪና ልደታ ስትደርስ 14 ትሆናለች። በሊትር 7። ሻጩም አልዋሸም፣ የነዳጅ ወጪውን የሚያስመልሰው ሠራተኛም ብዙ አላጋነነም፤ የየራሳቸውን መንገድ ነው የተናገሩት።

ጋራዥ የሚያምን ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ካንዴላ ቀይር፣ ኢንጀክተር አሳጥብ፣ የአየር ፊልትሮ ግዛ፣ ነገሩ ያልቃል። እርግጥ የታመመ ሞተር ጤነኛው ከሚበላው በላይ ይበላል፤ የጎደለ ጎማም ያጎድላል፤ አንድ ካንዴላ ካልተኮሰ ደግሞ ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ ማውጫው ይወጣል። ይህን የሚክድ የለም። የአየር ፊልትሮው ነገር ግን ስሙ ከሥራው ይበልጣል፦ የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ኢንጀክሽን ባላቸው መኪኖች ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንስ እንደሆነ እንጂ የነዳጅ ፍጆታውን ይህ ነው በሚባል ደረጃ እንደማይለውጠው አሳይቷል። ፊልትሮ መቀየር ለፍጆታ የሚረዳው ካርቡራተር ላላቸው ለጥንቶቹ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው መኪናውን አሠርቶ ለውጥ አየሁ የሚለው ለምንድን ነው? መቼ እንዳሠራ ይጠየቅ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ፍርድ ቤቶችም በክረምቱ ለእረፍት ይዘጋሉ፤ የልደታ ጎዳናም ትንሽ ይተነፍሳል። ሐምሌ መጨረሻ ኢንጀክተር ያጠበ መካኒክ ነሐሴን ሙሉ ሲመረቅ ይከርማል። ያንኑ ሥራ በዚያው ጥንቃቄ መስከረም ላይ የሠራው ግን በጥቅምት ይረገማል። ሁለቱም ያጠቡት አንድ ዓይነት ኢንጀክተር ነው።

ሌላው የሚቀርበው መከራከሪያ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፣ አየሯ ስስ ነው፣ ሞተር ያፍናል፣ ስለዚህ ነዳጅ ይበላል ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ጉልበት ማጣትና ነዳጅ መብላት ግን ለየብቻ የሚታዩ ናቸው። የዛሬው ሞተር የሚገባውን አየር እየለካ በዚያው ልክ ቤንዚን ስለሚረጭ፣ አየሩ ሲያንስ ነዳጁንም ያሳንሳል፤ ስስ አየር መኪናን የሚገታው በትንሹ ስለሆነም ሜዳ ላይ በፍጥነት ለሚሄድ እንዲያውም ይጠቅማል። እዚህም የሚጎዳው ካርቡራተር ያለው ነው፤ አየሩ ቢሳሳም ቤንዚኑን የለመደውን ያህል ስለሚለቅ። ከከፍታው ይልቅ የሚያስከፍለው ዳገቱ ነው። ከተማዋ ከቃሊቲና አቃቂ ተነስታ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው እንጦጦ ትወጣለች፤ ያችኑ ቶን ተኩል መኪና 200 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ ከሲሶ ሊትር በላይ ያስፈልጋል። ሲወርዱ ከፊሉ ይመለሳል። አይመለስም የሚለው ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚለቀው ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቢያነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋው ነበር፤ ማርሹን ሲያወጣ ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ መመገብ ይጀምራል። በዚህ ላይ ፍሬኑን ይፈጃል።

ፍሬን ካልን ዘንዳ የአነዳድ ነገር ይነሳል፤ «ሰውየው ነው እንጂ መንገዱ ምን አደረገ?» የሚል አይጠፋም። ይህ ከሁሉም ይበልጥ የሚከብድ መቃወሚያ ነው፣ ምክንያቱም በከፊል ይረታኛል። የተዘጋጋ መንገድ ላይ ሦስት ሜትር ክፍተት ባየ ቁጥር ዘሎ የሚገባና ወዲያው ፍሬን የሚረግጥ ሾፌር ከላይ ያሰላናቸውን ማንኪያዎች በፈቃዱ ያበዛቸዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእሱ ነው፤ እሱ ግን ያፈሰሰውን አይለቅመውም። ክፍተት ትቶ ዝግ ብሎ የሚከተል ያንኑ መንገድ ባነሰ ማቆም ሊጨርሰው ይችላል። ይችላል ስል ግን ሜክሲኮ ላይ ክፍተት የሚተውን ሰው የሚጠብቀውን አውቄ ነው፦ ከግራም ከቀኝም ሁለት ሚኒባሶች ያን ክፍተት ለእነሱ የተተወ አድርገው ይወስዱታል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ በጡሩምባ ቅር መሰኘቱን ያስታውቃል። ረጋ ብሎ መንዳት እዚህ ከተማ ለብቻ የሚደረግ በጎነት አይደለም፣ የሚያስተባብሩት ሰው ይፈልጋል። ቆሞ የሚያልፈውን 3.3 ሊትር ደግሞ የትኛውም ትሕትና አያስቀረውም።

የአጠያየቃችንም ነገር አለበት። «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብለን ስለምንጠይቅ ቁጥሩ ሲያድግ ጥቅሙ በዚያው ልክ የሚያድግ ይመስለናል። ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያሳዩት ይህንኑ ስሕተት ነው፤ በአሜሪካ ማይልና ጋሎን ይሁን እንጂ ለእኛም ይሠራል። በሊትር 14 የምትሄድን መኪና ሸጦ 20 የምትሄድ የገዛ ሰው በ100 ኪሎ ሜትር የሚያተርፈው 2 ሊትር ገደማ ነው። በሊትር 6 የምትሄደውን በ8 የቀየረው ግን 4 ሊትር ያተርፋል። የመጀመሪያው በየካፌው ይፎክራል፣ ሁለተኛው ያፍራል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለልደታ ቁም ነገር ነው፦ ብዙ የሚባክነው ታች፣ ከ5 እስከ 8 ባለው ውስጥ ስለሆነ፣ ያችው መኪና ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስትወጣና 2 ሰዓት ላይ ስትወጣ ያለው ልዩነት ባለቤቷ ለዓመታት ገንዘብ አጠራቅሞ አዲስ ሞዴል ቢለውጥ ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል።

«እንግዲያው ትንሽ መኪና ይገዛ» ማለት ፍትሐዊ መልስ ነው። ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች፤ ከቆመችበት ስትነሳ የምትጠይቀው ከራቭ ፎር ሁለት ሦስተኛውን ነው፤ ቆማም የምትበላው ያንሳል። ክብደት የሚቀጣውም እንደ ልደታ ባለው በሚያስቆም መንገድ እንጂ በክፍት አውራ ጎዳና አይደለም፤ ስለዚህ ለከተማ ተብላ የምትገዛው ከፍ ያለችው መኪና ከተማ ውስጥ ነው ይበልጥ የምትከፍለው። ሰው ይህን አያውቅም ማለት ግን አይቻልም። የሚገዛት ክረምት ላይ ጎርፍ ውስጥ ያለውን ጉድጓድ አስቦ ነው፤ ለመስቀል ወደ ጉራጌ፣ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚሄድበትን ቀን አስቦ ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት ለአንድ ሳምንት ለሚሄድበት መንገድ ሲል ዓመቱን ሙሉ ሜክሲኮ ላይ ይከፍላል። ይህን ሞኝነት ነው ለማለት አልደፍርም፤ የአገር ቤት መንገድ ላይ ሆዷ ድንጋይ የሚገጭ መኪና ይዞ ቤተሰብ መሀል መድረስ የራሱ ዋጋ አለው። ሒሳቡ ግን ሒሳብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. 122 ብር ከ53 ሳንቲም ደርሷል። በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በወረቀቱ 9 ሊትርና በልደታው 14 ሊትር መካከል ያለው ልዩነት 500 ሊትር ነው፤ በዚያ ዋጋ 61 ሺህ ብር አለፍ ይላል። ማደያ ፊት ወረፋ ይዞ በየአንድ መኪና ርዝመት ሞተር እያስነሳ የሚጠብቀው ገና አልተቆጠረም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ክፍያው በስልክ ሆኗል፤ ብሩ ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል።

የኤሌክትሪክ መኪና መምጣት ይህን ክርክር ያፈርሰው ይሆን? እኔ እንደሚመስለኝ ያጠናክረዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ ልደታም እነ ቢዋይዲንና አይዲ 4ን ለምዳለች። እነዚህ ሲቆሙ ከመብራትና ከማሞቂያ በቀር የሚወስዱት የለም፤ ፍሬን ሲያዝም ማንኪያውን በከፊል ወደ ባትሪ ይመልሱታል። ያው መንገድ፣ ያው ታክሲ፣ ያው ወራጅ፤ ሁለቱ ትልልቅ ብክነቶች ግን አንዱ ጠፋ፣ አንዱ ተቀነሰ። የእነሱ ችግር የተገላቢጦሽ ነው፦ ከከተማ ሲወጡ በፍጥነታቸው ልክ አየሩ ይገታቸዋልና እዚያ ይበልጥ ይበላሉ። ብዙዎቹ ይዘውት የሚመጡት «ባንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ የተለካው ሲኤል ቲ ሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ልደታን ሊጠጋ ይችላል፣ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ከአዲስ አበባ በ500 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኘውን ደብረ ብርሃንን ግን አያውቀውም። ሲሄዱ ቆጣሪው ያስደነግጣል፣ ሲመለሱ ቁልቁለት ነውና ይቅርታ ይጠይቃል።

ለገዢ የሚጠቅም አንድ ነገር ካለ ዳሽቦርዱ ላይ ለሚታየው አማካይ ብዙ አለመስገድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ ደግነቱ ያደላል። ሙሉ ሞልቶ፣ ነድቶ፣ ያው ማደያ ላይ ዳግመኛ ሙሉ ሞልቶ የገባውን ሊትር ለተሄደው ኪሎ ሜትር ማካፈል የድሮ ሰው ዘዴ ቢሆንም የሚበልጠው አልተገኘም። ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ደግሞ የሙከራ ሰዓቱን ራሱ ቢመርጥ መልካም ነው። ደላሎች መኪና ለማስሞከር የሚወዱት እሑድ ጠዋትን፣ የሚወዱት መንገድም ቀለበት መንገዱን ነው። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከሜክሲኮ ተነስተን በልደታ በኩል ጦር ኃይሎች ደርሰን እንመለስ ቢባሉ፣ መጀመሪያ የሚሰጡት ምክንያት ስለ መኪናዋ አይሆንም፤ ጉዳይ አለብን ነው የሚሉት፤ በዚያ ሰዓት እዚያ መንገድ ማን ይገባል?